ከፓዶቫ «ኮብልለዋል» ስለተባሉት እናት

ለተከበሩ የ«ፍኖተ ብርሃን» መንፈሳዊ ጉዞ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት

ይህ ጽሑፍ ጉልበትዎ ከካቴድራሎቹ ደረጃ አርፎ፣ ድምፅዎ ከማይክሮፎን ድካም ተመልሶ፣ ቤተሰብዎና መሥሪያ ቤትዎ በሙሉ ጤና ላይ ሆነው እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኛም በገዳሪፍ የሱዳኑ ጦርነት የፈቀደልንን ያህል ደህና ነን። ዝናቡ ዘንድሮ ጥሩ ነው፤ ሰሊጡ ቆሟል፤ ጥቁሩ አፈራችንም እንደ ወትሮው ሰውም መኪናም ከያዘ አይለቅም። ክቡርነትዎ ግን ስለ አፈራችን እንዳይጨነቁ፤ የምጽፍልዎ ስለ ሌላ አፈር ነው።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ስንሻው እባላለሁ። ጎንደር ተወልጄ፣ በገዳሪፍ ገበያ ልብስ እየሰፋሁ የምኖር፣ እሑድ እሑድ ደግሞ በኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ ባለችው ትንሿ የካቶሊክ ቤተ ጸሎታችን ለልጆች ትምህርተ ክርስቶስ የማስተምር ሰው ነኝ። በኢዮቤልዩው ዓመት ድርጅትዎ «የስደተኛ ወንበር» ብሎ ወደ ጣልያን አገር በነፃ ከወሰዳቸው ሁለት ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ሁለተኛዋ፣ በትግርኛ «አደይ»፣ እናቴ፣ ብለን የምንጠራቸው ለተሥላሴ ነበሩ። እኔ የተጠራሁት አማርኛም ትግርኛም ዐረብኛም ስለምችል እሳቸውን እንድደግፍ ነው።

እሳቸውን ማስታወስ ግን አይቸግርዎትም። ከቢሮዎ በተላከልን ማስታወቂያ ላይ «ከፓዶቫ ከተማ የኮበለሉ ግለሰብ» ብለው የጠሯቸው እናት ናቸው። ማስታወቂያው ከቅዳሴ በኋላ ሲነበብ እሳቸው ከፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር። የተነበበው በሕዝብ ፊት ስለሆነ መልሱም በሕዝብ ፊት ቢሆን ቅር እንደማይልዎት አምናለሁ። የእርስዎ ሥራ ሁሉ በሥርዓት ነውና እኔም ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ለማቅረብ እሞክራለሁ።

፩. በመጀመሪያ ስለ ምርጫው አመሰግናለሁ። አደይ ለተሥላሴ የኢሮብ ዘር ናቸው፤ ባል አግብተው ሑመራ ኖሩ። የትግራዩ ጦርነት በመጣ ጊዜ ባላቸውን እዚያው ቀብረው፣ አንድ ልጃቸውን ሓለፎምን ይዘው ወንዙን ተሻገሩና ኡም ራኩባ ካምፕ ገቡ። እኔ የጎንደር ሰው ነኝ፣ እሳቸው ከሑመራ የተሰደዱ ናቸው። በአገር ቤት በወገኖቻችን መካከል ምን እንዳለፈ ሁለታችንም እናውቃለን፤ አንድም ቀን አንስተነው አናውቅም። በካምፑ ከእንጨትና ከሸራ የቆመችውን ጸሎት ቤት የሚጠርጉት፣ አመሻሹ ላይ መቁጠሪያ የሚመሩት እሳቸው ነበሩ። ካህናችን ከመካከላችሁ ማን ይሂድ ብለው በጠየቁ ጊዜ ሌላ ስም የጠራ ሰው አልነበረም። ስለዚህ መሥሪያ ቤትዎ የመረጠው እኛ የመረጥነውን ነው፤ እስከዚህ ድረስ ቅሬታ የለኝም።

ሓለፎም በገዳሪፍ ገበያ ሰሊጥ ይጭን ነበር፤ አዝመራ ሲደርስ ወደ መፋዛ እርሻ ይወርዳል። እዚያ ታምሬ ከሚባል የመተማ ልጅ ጋር ተገናኘ። ሁለቱ በአንድ ዳስ አድረው፣ ከአንድ ሳህን በልተው፣ በመጨረሻም አብረው ወደ ሊቢያ ሄዱ። ጀልባዋ ባሕር ላይ ስትገለበጥ ታምሬ ተረፈ፤ ሓለፎም ሞቶ ወጣ። ታምሬ ከሲሲሊ ደውሎ መርዶውን ሲያረዳ እኔ እናቲቱ አጠገብ ነበርኩ። በደሴቲቱ ደቡብ ዳርቻ ያለች የዓሣ አጥማጆች ከተማ እንደቀበረችው፣ እሱም በገዛ እጁ አፈር እንዳለበሰው እያለቀሰ ነገራቸው። ስሙን ቢናገርም የሚጽፍለት ስላላገኘ በመቃብሩ ላይ ያለው መስቀልና ቁጥር ብቻ እንደሆነ አልደበቃቸውም። የከተማዋን ስምና የመቃብሩን ፎቶግራፍ ላከላቸው። ከዚያ ወዲያ ወደ ሰሜን አገር ሄደና ድምፁ ጠፋ።

እንግዲህ ግብዣዎ በደረሰን ቀን አደይ የጠየቁኝ ስለ ሮማ አልነበረም። ሲሲሊ የዚያው አገር ናት ወይ አሉኝ። የዚያው ናት አልኳቸው። «እንግዲያ ልጄ ጋ ልደርስ ነው» አሉ።

፪. ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለ ጽሑፍ መልስዎ ነው። ገና ሳንነሳ፣ አደይ በጉዞው መካከል ወይም ፍጻሜ የልጃቸውን መቃብር አይተው እንዲመለሱ ይፈቀድላቸው ዘንድ ለምኜዎ ነበር። ክቡርነትዎ ያን ሁሉ ሥራ ትተው በአንድ መስመር መለሱልኝ፤ «ጥያቄዎ በጸሎት ይታሰባል» የሚል። እኔ ልብስ ሰፊ ብሆንም የቢሮ ቋንቋ በመጠኑ ይገባኛልና ትርጉሙን ጠርጥሬ ነበር። አደይ ግን በጸሎት የታሰበ ነገር እንዴት ይቀራል ብለው እንደ ተፈቀደላቸው ቆጠሩት። እኔም ጥርጣሬዬን ልነግራቸው ሞከርኩ፤ «ካህን ባይሆንም የእግዚአብሔርን መንገድ የሚመራ ሰው ነው፤ አይዋሽም» ብለው ዝም አሰኙኝ። በዚህ እምነት ከገዳሪፍ እስከ ፖርት ሱዳን በአውቶቡስ፣ ኬላ በተገኘ ቁጥር እየወረዱና እየተፈተሹ፣ አንድ ጊዜም ሳያማርሩ ሄዱ። ስለ እርስዎ እንዲህ ያለ ምስክርነት የሰጠ ሰው ከዚያ በኋላ መኖሩን አላውቅም።

፫. ሦስተኛው ስለ ሮማ ነው። ከአዲስ አበባ የመጡት ተሳላሚዎች ደግ ሰዎች ነበሩ፤ ወንበር ይለቁላቸው፣ ቦርሳቸውን ይይዙላቸው ነበር። አስጎብኚያችን ኣኽበረት አሥመራ ተወልዳ ሮማ ያደገች፣ ትግርኛዋም አማርኛዋም የሚጣፍጥ ወጣት ናት። በሁላችንም ጆሮ ላይ ማዳመጫ አስገብታ፣ እሷ በደረቷ በሰካችው ማይክሮፎን ቀስ ብላ ስታወራ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ጥርት ብሎ ይሰማን ነበር።

በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን፣ በመስታወት ጀርባ፣ እመቤታችን የሞተ ልጇን በጭኗ አስተኝታ የተቀመጠችበት የእብነ በረድ ምስል ዘንድ ቆምን። ኣኽበረት ድንጋዩ ከየት ተራራ እንደወጣ፣ ቀራጺው ያኔ ምን ያህል ወጣት እንደነበረ፣ እብነ በረዱ እንዴት እንደ ቆዳ እንደለሰለሰ አስረዳችን። ክቡርነትዎም ማይክሮፎኑን ተቀብለው የእናቲቱን ፊት እርጋታ ልብ እንድንል፣ ይህም ሐዘንን በእምነት ለመሸከም ምሳሌ እንደሆነ አስተማሩን። ትምህርትዎ መልካም ነበር። ማይክሮፎኑን እንደመለሱላት አደይ ወደ ኣኽበረት ጠጋ ብለው በትግርኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ለሷ ብቻ ያሉት መስሏቸው ነው፤ ነገር ግን በሁላችን ጆሮ ገባ።

«እሷስ ታቀፈችው።»

ትግርኛ የማይሰሙ አንዲት የአዲስ አበባ ወይዘሮ ምን አሉ ብለው ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ማዳመጫቸውን ከጆሯቸው አውጥተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።  እርስዎ ግን ወደ ቀጣዩ ባሲሊካ የምንሄድበት ሰዓት እንዳያልፍ አስታወሱን። ስለ ሰዓት አክባሪነትዎ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ክቡር ሆይ፣ ተራ ቁጥሩን ከዚህ ላይ ብተወው ይቅር ይበሉኝ። የቀረው ነገር በቁጥር አይሄድልኝም።

አሲዚ በደረስን ቀን፣ በቅዱስ ፍራንቸስኮስ መቃብር ጸልየን ለምሳ ስንቀመጥ፣ አደይ ተነሥተው ወደ እርስዎ ማዕድ መጡ። እኔም ለማስተርጎም ተከተልኳቸው። እጃቸውን አጣምረው፣ ነጠላቸውን አደግድገው፣ እንደ ችሎት ቆመው የለመኑዎትን ያስታውሳሉ ብዬ እገምታለሁ። ቬኒስ የምንዞርበትን ጊዜ ለእሳቸው እንዲተዉላቸው፣ እኔ ወይም ሌላ ሰው አብሯቸው ሄዶ፣ መቃብሩን አይተው ሮማ አውሮፕላን ማረፊያ እንዲቀላቀሉን ነበር። እርስዎም በጣም በለሰለሰ ድምፅ «እናቴ፣ መርሐ ግብሩ የሁላችን ነው፤ አንድ ሰው ከተለየ ዋስትናው ይፈርሳል። በየቤተ ክርስቲያኑ ይጸልዩለት፤ ነፍስ ቦታ አይወስናትም» አሏቸው።

አደይ ሰምተው ሲያበቁ «ለነፍሱማ ካምፕ ሆኜም እጸልይ ነበር። እኔ የመጣሁት ለአፈሩ ነው» አሉ።

ይህን ስተረጉምልዎ ሾርባዎ እየቀዘቀዘ ነበር፤ ስላቋረጥንዎ ይቅርታ እንጠይቃለን። ስለ ዋስትናው የነገሩንም እውነት መሆኑን አልክድም። ለኛ ለሁለታችን የፈረሙት እርስዎ ነዎት፤ አንዳችን ብንቀር ለሚቀጥለው ዓመት በር ይዘጋል። ይህ ከባድ ሸክም ነው። ሸክሙን ለማቅለል ግን አንድ ሰው ከአሮጊቷ ጋር መላክ ይበቃ ነበር። እኔ እሄዳለሁ አልኩ፤ ኣኽበረትም እኔ እወስዳቸዋለሁ አለች። እርስዎ አሳብዎ ወደ ላይኛው ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ሄዶ ነበር።

በፍሎረንስ ከቅዱስ መስቀል ቤተ ክርስቲያን በኋላ የቆዳ ዕቃ ለሚገዙ ሰዎች ሙሉ ከሰዓት በኋላ በመፍቀድዎ ብዙዎች ተደስተዋል። አደይ ከአደባባዩ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። ቤተ ክርስቲያን እንግባ ስላቸው ደከመኝ አሉ። ደክመው እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ ከአሲዚው ምሳ ወዲህ ከሰው ጋር ብዙ አይናገሩም ነበር።

ፓዶቫ ስንደርስ ወደ ቅዱስ አንጦንዮስ መቃብር ገባን። ሕዝቡ ተራ እየጠበቀ መዳፉን በድንጋዩ ላይ ያኖራል፤ የጠፋባቸው ሰዎች ፎቶግራፍ ያስቀምጣሉ፤ ይህ ቅዱስ የጠፋን ነገር በማግኘት የታወቀ ነውና። ክቡርነትዎ ወደ አደይ መጥተው፣ በእውነተኛ ርኅራኄ ይመስለኛል፣ የልጃቸውን ፎቶግራፍ እዚያ እንዲያኖሩ መከሯቸው። አደይ መዳፋቸውን ከድንጋዩ ሳያነሱ መለሱ፤ «የጠፋ የለኝም። ያለበትን አውቃለሁ።» ይህን ያልተረጎምኩልዎ እኔ ነኝ። አሁን እነሆ ተርጉሜዋለሁ።

በማግሥቱ ግድግዳዋና ጣሪያዋ በሥዕል ወደተሸፈነችው ትንሽ ቤተ ጸሎት ወሰዱን። ወደ ውስጥ ከመግባታችን በፊት በመስታወት ክፍል ተቀምጠን አየሩ እስኪጣራ እንድንጠብቅ ተደረገ። ትንፋሻችንና ላባችን ሥዕሎቹን እንዳይጎዳ ነው አሉን። በየግድግዳው ላይ ያሉት የሚያለቅሱ ሰዎች ያን ያህል ዘመን ሳይደበዝዙ የቆዩት እንዲህ ባለ ጥንቃቄ ነው። እኔ ከጥንቃቄው ተማርኩ፤ ሰው ሲፈልግ ለሚያለቅስ ፊት ምን ያህል ሊጠነቀቅ እንደሚችል አየሁ።

አደይ ከኛ ጋር አልገቡም። በሩ ላይ ለኣኽበረት «ልጄን አይቼ፣ በመመለሻችን ቀን ሮማ አውሮፕላኑ ጋ እጠብቃችኋለሁ። ለአለቃችሁ ንገሪልኝ፤ እንዳያስብ» ብለው ሄዱ። ኣኽበረት እኛን ሌሎቹን ይዛ መግባት ስለነበረባት ልትከተላቸው አልቻለችም። ስንወጣ ቃሉን ሳትጨምር ሳትቀንስ፣ በሁላችን ፊት ነገረችዎት። ሻንጣቸው ሆቴል ነበር፤ ልብሳቸውም ለካምፕ ጎረቤቶቻቸው የገዙት መቁጠሪያም ውስጡ ነበር። የወሰዱት የጉዞ ሰነዳቸውንና ከቁርስ የተረፈ ዳቦ ነው። እኔም ቃላቸውን አይበሉም፣ ይጠብቋቸው ብዬ ለመንኩ። እርስዎ ስልክዎን አውጥተው ለፖሊስ «ከቡድናችን አንዲት ስደተኛ ኮብልላለች» አሉ። ቃሉን ኣኽበረት ወደ ጣልያንኛ እንድትመልስልዎ ጠየቋት፤ እምቢ አለች፤ ራስዎ ተናገሩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያወቅነው ከአደይና፣ በኋላ በስልክ ካገኘሁት ኢሀብ ከሚባል ልጅ ነው። ኢሀብ የመፋዛ ልጅ ነው፤ ከጦርነቱ ሸሽቶ ፓዶቫ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። በባቡር ጣቢያው አንዲት ነጠላ የለበሱ አሮጊት ፎቶግራፍ ይዘው ለአላፊ አግዳሚው በገዳሪፍ ዐረብኛ «ሲሲሊ፣ ሲሲሊ» ሲሉ ሰማ። ቀርቦ «ያ ሐጃ፣ ወዴት ነሽ?» አላቸው። ሐጃ በኛ አገር ለባልቴት ሁሉ የአክብሮት መጠሪያ ነው፤ የቃሉ ፍቺ ግን ተሳላሚ ማለት መሆኑን ክቡርነትዎ ያውቃሉ። አደይ ወደ ልጄ አሉት። ልጅሽ የት ነው የሚኖረው ሲላቸው ፎቶግራፉን ሰጡት። ኢሀብ መቃብሩን ባየ ጊዜ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። የሥራ ሰዓቱን ትቶ ትኬት ቆረጠላቸው፣ ወደ ሮማ በሚሄደው ባቡር አሳፈራቸው፣ ከጎናቸው ለተቀመጠች ሴትም ሮማ ላይ ወደ ሲሲሊ የሚሄደውን እንድታሳያቸው አደራ ሰጣት።

ሮማ ደረሱ። ሴትዮዋም አደራዋን ጠብቃ ከትክክለኛው የባቡር መስመር ዳር አስቀመጠቻቸው። ባቡሩ ገና አልመጣም ነበር። ሁለት ፖሊሶች መጥተው ስማቸውን ሲጠይቋቸው አልደበቁም፤ «ለተሥላሴ» አሉ። ፖሊሶቹ ክፉ አልነበሩም፤ ውኃ ገዙላቸው፣ እጃቸውን ይዘው ደረጃ አወረዷቸው። አደይ ወዴት እንደሚወስዷቸው አላወቁም። ባቡሩ ወዳለበት የሚያደርሷቸው መስሏቸው እያመሰገኑ ተከተሉ።

እኛ ሮማ የደረስነው በማግሥቱ ነው፤ ቬኒስ ለሌሎቹ አልተሰረዘችባቸውም፣ እርስዎና እኔ ግን ስለ አደይ ጉዳይ ቀድመን ሄድን። ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። እኔን ሳይሆን እርስዎን አዩና ተነሡ። «አባቴ፣ ባቡሩ ሊመጣ ነበር» አሉዎት። 

ከቡድኑ ቀድመን በሌላ አውሮፕላን እንድንመለስ አደረጉ። ዳግመኛ ወደዚያ አገር ለመግባት ቢያመለክቱ እንደማይፈቀድላቸው ኃላፊዎቹ በአስተርጓሚ ነገሯቸው። አውሮፕላኑ ውስጥ ሲሲሊ በየት በኩል ናት ብለው ጠየቁኝ። አስተናጋጇን ጠየቅኩ፤ በቀኝ በኩል አለችን። ቦታ ለወጥንላቸው። ደመና ነበር። ግንባራቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው፣ ምግብ ሲመጣም ሳይዞሩ፣ ባሕሩ አልቆ በረሃው እስኪጀምር እንዲሁ ቆዩ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው እንግዲህ ማስታወቂያዎ የደረሰን። «ከምሥራቅ ሱዳን ከመጡት መካከል አንዲት ግለሰብ በመኮብለላቸው፣ የስደተኛ ወንበር ላልተወሰነ ጊዜ ተቋርጧል» ይላል። ለሚቀጥለው ጉዞ የታጨችው ብፅአት የምትባል የካምፑ ክሊኒክ ረዳት ነበረች። ምን ያህል ተስፋ እንዳደረገች ሁላችንም እናውቃለን። ሲነበብ አንዳንድ ሴቶች አንገታቸውን አዙረው አደይን ተመለከቱ። በተከታዩ እሑድ ከአደይ ጎን የተቀመጠ ሰው አልነበረም። እኔ ተነሥቼ ላስረዳ ስል እሳቸው ነጠላዬን ይዘው አስቀመጡኝ። «እውነት ነው፣ ሄጃለሁ። በኔ ምክንያት ነው የተዘጋባቸው» አሉኝ። በሌላው እሑድ ብፅአት አረፍዳ ገባች። ባዶውን ቦታ አይታ፣ በሰዉ መካከል አልፋ ሄዳ ከአደይ ጎን ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ ሌሎቹም ተመለሱ። ክቡርነትዎ የበተኑትን ምእመን የሰበሰበችው ወንበሯን የወሰዱባት ልጅ ናት።

አሁን ደግሞ ስለ ኣኽበረት ላመስግንዎ። የሥራ ውሏን ባለማደስዎ ሰፊ ጊዜ አግኝታለች። በዚያ ጊዜ ወደ ሲሲሊ ሄደች። ማንም አላዘዛትም፤ ፎቶግራፉን ግን ከኔ አስልካ ወስዳ ነበር። በገዳሪፍ ገበያ የጨርቅ ሱቅ ያላት ራሒማ፣ ከወሎ መጥታ እዚህ ያረጀች ነጋዴ፣ በሳተላይት የሚሠራ ኢንተርኔት አላት። ሓለፎም ሰሊጥ ሲጭን ከሷ በር ላይ ውኃ ይጠጣ ነበርና ታውቀዋለች። አደይን ከካምፕ አስመጥቼ ከሱቋ አስቀመጥኳቸው። ራሒማ ደንበኞቿን አሰናብታ በሩን ገርበብ አደረገችው። ስልኩም በቪዲዮ ጥሪ ጮኸ።

ኣኽበረት በመቃብሮች መካከል ቆማ ነበር። አጠገቧ ጥቁር የለበሱ የአገሩ ባልቴት ነበሩ። የቁጥር መቃብሮቹን አረም የሚነቅሉት፣ በበጋ ውኃ የሚያጠጡት እሳቸው መሆናቸውን ነገረችን። ኣኽበረት ቀለምና ብሩሽ ይዛ ሄዳ ነበር። ስልኩን ባልቴቷ ያዙላት፤ እሷም ተንበርክካ በመስቀሉ ላይ በግዕዝ ፊደል መጻፍ ጀመረች። ፊደል በልጅነቷ የተማረችው በጥቂቱ ነውና አንድ በአንድ እያሰበች ትጽፍ ነበር። አደይ ማንበብ አይችሉም፤ እኔ እያንዳንዱ ፊደል ሲያልቅ ነገርኳቸው፤ ሓ፣ ለ፣ ፎ፣ ም። በዚያ ሁሉ ከተማ ያስጎበኙን ሥዕሎች ድንቅ እንደሆኑ አልጠራጠርም፤ አደይ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ እስከ መጨረሻው ያዩት ግን ይህን ብቻ ነው።

ሲያልቅ ራሒማ «አላህ ይማረው» ብላ ዓይኗን በለበሰችው የሱዳን ነጠላ፣ በቶቧ ጫፍ ጠረገች። አደይ አላለቀሱም። ባልቴቷን እንድታሳያቸው ጠየቁ፤ ኣኽበረት ስልኩን አዞረችላቸው። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ከዚያ አደይ ልጅ አለሽ ወይ ብለው ጠየቁ፤ ኣኽበረት አስተረጎመች። ባልቴቷ ነበረኝ አሉ። ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ባሕር ወሰደው፤ ሬሳውን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም አሉ።

አደይ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ቀና ሲሉ ድምፃቸው የጠራ ነበር።

«እንግዲያ እነሆ ልጅሽ» አሉ።

ኣኽበረት ይህንንም አስተረጎመች። ባልቴቷ ሲሰሙ ወደ መስቀሉ ጠጋ ብለው፣ ቀለሙ ገና እርጥብ መሆኑን ረስተው፣ መዳፋቸውን ከስሙ ላይ አኖሩ።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ የምጠይቅዎት ትልቅ ነገር አይደለም። አደይ ለተሥላሴ ከእንግዲህ ወደዚያ መሄድ አይችሉም፤ ዕድሜያቸውም አይጠብቅም፤ ይህን እርስዎም እኔም ልንመልሰው አንችልም። ነገር ግን «ኮብልለዋል» የሚለው ቃል በተነበበበት ቦታ፣ በተነበበበት ድምፅ፣ ከቅዳሴ በኋላ መሰረዙ እንዲነበብ እለምናለሁ። ቃል ሰጥተው የሄዱ፣ የሚመለሱበትን ቀንና ቦታ ተናግረው የሄዱ፣ ስማቸውን ሲጠየቁ ያልደበቁ እናት ናቸው። የብፅአትን ወንበር በተመለከተ ግን ለክቡርነትዎ ሕሊና እተወዋለሁ፤ እሷ ራሷ እንዳልለምንላት አዝዛኛለችና።

በትሕትና ዝቅ ብዬ፣ ለሚመጡት ዘመናትም የማያልቅ ደረጃ የሚወጡበት ብርቱ ጉልበት እግዚአብሔር እንዲሰጥዎ፣ በየካቴድራሉ ደጃፍም የሚያዳምጥዎ ሕዝብ እንዳያሳጣዎ እየተመኘሁ፣ የነፃ ወንበርዎን ውለታ ከፍዬ የማልጨርስ አገልጋይዎ፣

ስንሻው
ልብስ ሰፊ፣ ገዳሪፍ ገበያ

ማስታወሻ፦ የዘንድሮው የጉዞ መጽሔትዎ በአንድ የአዲስ አበባ ተሳላሚ በኩል ትናንት እጄ ገባ። ኅትመቱ ያማረ ነው። በሽፋኑ ላይ፣ በአሲዚ ጸሎት ቤት ውስጥ፣ ሻማ ይዘው ዓይናቸውን የጨፈኑት ባለ ነጠላ እናት አደይ ለተሥላሴ መሆናቸውን ምናልባት አላወቁም ይሆናል ብዬ ነው የማሳውቅዎ። ከፎቶግራፉ በታች «ከእኛ ጋር ይጓዙ፤ የሚፈልጉትን ያገኛሉ» ተብሎ ተጽፏል። አንድ ቅጂ ለአደይ ልሰጣቸው ነበር፤ ከፎቶግራፉ በታች ያለውን አንብብልኝ እንዳይሉኝ ፈርቼ አስቀረሁት።